ተቀናቃኝ የሌለው ፍቅር፦ የጄኒ ሃን ማሳረጊያ ልቦለድ

ጄኒ ሃን የላራ ጂን ሶንግ ኮቪን ታሪክ በሁለት መጽሐፍ ልትቋጨው ነበር ሐሳቧ። «ከዚህ ቀደም ለወደድኳቸው ወንዶች ሁሉ» እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ በ2015 ተከታዩ ታተመ፤ ላራ ጂንና ፒተር ካቪንስኪም ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ተገናኙ። እንግዲህ በ2017 የታተመው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ «ሁልጊዜና ለዘላለም፣ ላራ ጂን»፣ የሚነሣው የፍቅር ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያበቃበት ቦታ ነው። ልጆቹ ይዋደዳሉ፤ በመሃላቸው የሚገባ ሦስተኛ ሰው የለም። ታዲያ ታሪኩን ምን ይገፋዋል?

የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ነው የሚገፋው። ፒተር በላክሮስ ተጫዋችነቱ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ላራ ጂን መጪ ሕይወቷን በሙሉ በዚያ ግቢ ውስጥ አድርጋ ስታልም ከርማ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀበላት ይቀራል። ዊሊያም ኤንድ ሜሪ የተባለው ኮሌጅ ይቀበላታል፤ እዚያ አንድ ዓመት ተምራ ወደ ፒተር ልትዛወር ታቅዳለች። ቆይቶ በተጠባባቂነት ይዟት የነበረው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይጠራታል። ዩኒቨርሲቲው ያለበትን ቻፕል ሂልን ሄዳ ስታየው ትወደዋለች። ነገሩ የሚከብደውም ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ርቀቱ የደረሰባት ዕጣ ነበር፣ አሁን ግን ራሷ የመረጠችው ሆነ።

ይህን ምርጫ ለመመዘን ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ መመለስ ያስፈልጋል። የላራ ጂን ሟች እናት ኢቭ ለልጆቿ የተወችው አንድ ምክር አለ፤ ፍቅረኛ ይዛችሁ ኮሌጅ አትግቡ የሚል። ታላቋ ልጅ ማርጎ ምክሩን ተቀብላ፣ ወደ ስኮትላንድ ከመሄዷ በፊት ከፍቅረኛዋ ከጆሽ ትለያያለች። የሦስቱ መጻሕፍት ታሪክ የሚነሣው ከዚህ መታዘዝ ነው፤ የሚደመደመው ደግሞ ታናሽ እህቷ ያንኑ ምክር ተከትላ ከፒተር ከተለያየች በኋላ ውሳኔዋን በመሻሯ ነው። ለሞተች እናት ቃል አለመታዘዝ በሐዘን ላደገች ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ ንባብ የመጽሐፉ እውነተኛ ትግል ከፒተር ጋር ሳይሆን ከእናቲቱ ትዝታ ጋር ነው። አባትየው ጎረቤታቸውን ትሪናን ለማግባት መዘጋጀቱና ማርጎ ትሪናን በእናቷ ቤት ማየት መቸገሯም ከዚሁ ጋር የተገመደ ነው። የኬክና የብስኩት ጋገራው፣ የሠርጉ ሽር ጉድ አንባቢን ያሰለች ይሆናል። ነገር ግን ላራ ጂን ከፒተር እኩል የምትሰናበተው ይህን ቤት ስለሆነ ገጾቹ አልባከኑም እላለሁ።

በ2021 ከመጽሐፉ ተሠርቶ የወጣው የኔትፍሊክስ ፊልም ይህን ሁሉ አሳስቶታል። ፒተርን ስታንፎርድ ይልከዋል፣ ላራ ጂንን ወደ ኒው ዮርክ። የምትወደው ከተማ ትልቅና አንጸባራቂ በመሆኑ ምርጫዋን ተመልካች በቀላሉ ይቀበላል፤ ርቀቱም አገር ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነው። በመጽሐፉ ግን ሁለቱን የሚለያያቸው የሦስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ብቻ ነው። ሃን በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅን ፍርሃት ሁሉ ማስገባት መቻሏን አደንቃለሁ።

ድክመት አላጣሁበትም። የፒተር እናት፣ ልጃቸው ላራ ጂንን ተከትሎ እንዳይዛወር ብለው እንድትለየው ይጠይቋታል። ትዕይንቱ ጠንካራ ነው፤ መዘዙ ግን ቶሎ ይበርዳል። መለያየቱ ሳይመር እርቁ ይደርሳል፤ ፒተርም በእናቱ ላይ ሊኖረው የሚገባው ቁጣ በቅጡ አይታይም።

መደምደሚያው ግን የተሳካ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለቱን ያስተሳሰረው በውል ነበር፤ የውሸት ፍቅረኛ ለመምሰል በተጻፈ ውል። መጨረሻ ላይ ፒተር በላራ ጂን የምረቃ መጽሔት ላይ አዲስ ውል ይጽፋል፤ ርቀቱን እንዴት እንደሚችሉት የሚዘረዝር። ውሉ ይጸና እንደሆነ ሃን አትነግረንም። ትምህርት ሳይጀመር ታሪኩን መዝጋቷ ከሦስቱ መጻሕፍት ውሳኔዎቿ ሁሉ የበሰለው ነው።