ገመድ፣ ጥላና ጣሪያ፦ የጂኦሜትሪ ልምምድ በዓይናለም

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጂኦሜትሪ፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ የስፋትና የይዘት ስሌት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በየምዕራፉ ተለያይተው ይቀመጣሉ። በልምምድ ጊዜ ግን ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው፤ እጅ ከሚደርስበት ልኬት ተነስቶ እጅ የማይደርስበትን ማግኘት። ለዚህ ሥራ የደብተር ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በደብተር ላይ ያለ ጎነ ሦስት ማዕዘኑ ተጽፎለት፣ ጎኑ ተለክቶ፣ የማያስፈልገው ሁሉ ተወግዶለት የመጣ ነውና ለተማሪው የሚቀረው ቀመር መምረጥ ብቻ ነው። የትኛው ይለካ፣ የትኛው ይሰላ የሚለውን ከባዱን ውሳኔ የመጽሐፉ አዘጋጅ አስቀድሞ ወስኖለታል።

ዓይናለም በመቐለ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነው፤ ከተማው ውሃ የሚያገኝባቸው ጥልቅ ጉድጓዶችም እዚያው ተቆፍረዋል። ግንባታ የማይቋረጥበት፣ ገላጣ ሜዳም የማይጠፋበት ቦታ በመሆኑ ለዚህ ዓይነት ልምምድ የተመቸ ነው። በሌላ በኩል ተማሪዎቹ ወደ 9ኛ ክፍል የሚገቡት ክፍተት ይዘው ነው። በትግራይ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ምክንያት ለሦስት ዓመታት ገደማ ትምህርት አቋርጠዋል። እስከ 8ኛ ክፍል በትግርኛ የነበረው ሂሳብም 9ኛ ላይ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው ጂኦሜትሪው ላይ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ክፍልፋይና ምጥጥን ላይ ነው። ምጥጥን ደግሞ በቃል ማብራሪያ ከሚያዘው ይልቅ በገመድ ሲለካ ቶሎ ይገባል።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀጤ ማዕዘን ማውጣት ነው። ግንበኛ የቤት መሠረት ሲቀይስ ስኳድራው ትንሽ ስለሚሆንበት ሲባጎ ይወጥራል፤ በአንዱ አቅጣጫ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ አንዱን ችካል ያንቀሳቅሳል። ግንበኛው የሚጠቀመው የፓይታጎረስን ቲዎረም ሳይሆን ተገላቢጦሹን መሆኑን ብዙ መምህራን ሳያነሱት ያልፋሉ። ቲዎረሙ ማዕዘኑ ቀጤ ከሆነ የጎኖቹ ዝምድና ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ ግንበኛው ግን ከጎኖቹ ተነስቶ ስለ ማዕዘኑ ይፈርዳል። ሁለቱን አቅጣጫዎች ለይቶ የማያውቅ ተማሪ ማረጋገጫ ሲጻፍ ሁልጊዜ ይደናገራል፤ ችካሉን በእጁ ያንቀሳቀሰ ተማሪ ግን ልዩነቱን አይረሳም።

ቀጥሎ አራት ጎን ያለው ቦታ ይመጣል። ጎኖቹ በተራ 10፣ 15፣ 10 እና 15 ሜትር የሆኑ ቦታ ስፋቱ ስንት ነው ቢባል አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ 150 ካሬ ሜትር ይላል። ጎኖቹ ሳይነኩ ቦታው ቢያዘነብልና አንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን ግን ስፋቱ 150 በሳይን 60 ተባዝቶ 130 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዙሪያው 50 ሜትር እንደሆነ ነው፤ 20 ካሬ ሜትር ግን ጠፍቷል። አራት ጎን ብቻውን ቅርጽን አይወስንም፤ ሦስት ጎን ግን ይወስናል። ስለዚህ አራቱን ጎኖች የለካ ሰው አንዱን ሰያፍም መለካት አለበት፤ ያኔ ቦታው ሁለት ጎነ ሦስት ይሆናል። የተቃራኒ ጎኖችን አማካይ ወስዶ ማባዛት በጥንት ግብፅ በኤድፉ ቤተ መቅደስ በተገኙ የመሬት መዝገቦች ላይ ጭምር ያለ ዘዴ ነው፤ ቦታው ትክክለኛ ቀጤ ማዕዘኖች ከሌሉት ውጤቱ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል። የሚሸጥ ሰው ይወደዋል።

ጎነ ሦስት ቅርጹን የማይለውጥ መሆኑ የካርታ ሥራም መሠረት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከተራራ ተራራ ማዕዘን እየለካ የሰሜኑን ከፍተኛ ቦታዎች ያቀናጀው በዚሁ መንገድ ነበር።

ከሁሉም ልምምዶች ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የጥላ ልምምድ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ በቱምቢ ተስተካክሎ ደልዳላ መሬት ላይ ይተከላል፤ የጥላው ጫፍ በየአምስት ደቂቃው ምልክት እየተደረገበት አጭሩ ጥላ ይፈለጋል። አጭሩ ጥላ የሚገኘው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው በምሥራቅ 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን መቐለ በ39.5 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምታልፍ የመቐለ እኩለ ቀን 22 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በየወሩም ጥቂት ደቂቃ ከፍና ዝቅ ይላል።

ዓይናለም በሰሜን ኬክሮስ 13.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት በመስከረምና በመጋቢት 12 አካባቢ የአንድ ሜትር ዱላ የእኩለ ቀን ጥላ የ13.5 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም 24 ሳንቲ ሜትር ነው። ተማሪው ጥላውን ለክቶ በመጽሐፉ መጨረሻ ካለው ሠንጠረዥ ማዕዘኑን ሲፈልግ የገዛ ሰፈሩን ኬክሮስ አገኘ ማለት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ውጤቱ በግማሽ ዲግሪ ይዛነፋል፤ በምድር ላይ ይህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዱላው መዝመም ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አይገኝም።

በታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ 23.4 ዲግሪ ትርቃለች። 13.5 እና 23.4 ሲደመሩ 36.9 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ግንበኛው በሲባጎ ያወጣው የ3፣ የ4 እና የ5 ጎነ ሦስት አነስተኛው ማዕዘን ነው። በዚያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ በዓይናለም የ4 ሜትር ግንድ የ3 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ከግንዱ አናት እስከ ጥላው ጫፍ የሚወጠር ገመድ 5 ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ወይም አስመራ ላይ ይህ ልክ አይመጣም፤ ለመቐለ አካባቢ ኬክሮስ የደረሰ አጋጣሚ ነው። ቀኑ ባይመች አይጨነቁም፤ በዚያ ወቅት የፀሐይ ከፍታ ለሳምንት ያህል ብዙም ስለማይለወጥ ሳምንት ቢያልፍም ልምምዱ ይሠራል። ከሚያዝያ 18 እስከ ነሐሴ 11 ባለው ጊዜ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ብሎ የለመደ ተማሪ ይህን ሲያይ ስሌቱን እንደገና ለማሰብ ይገደዳል።

በመስከረም 12 አዲስ አበባ ያለ ክፍል ተመሳሳይ ዱላ ቢተክል 16 ሳንቲ ሜትር ያገኛል። ሁለቱ ከተሞች በኬንትሮስ ብዙም አይራራቁም፤ የማዕዘኖቹ ልዩነት 4.4 ዲግሪ ገደማ ነው። በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ያለው ቀጥታ ርቀት 490 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 360 ለ4.4 ተካፍሎ ሲባዛበት የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ ኤራቶስቴንስ በግብፅ የሠራው ስሌት ነው። የሚያስተምረው ግን ስህተቱ ነው። ብዙ ተማሪ በአውቶቡስ የሚያውቀውን 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ያስገባና ምድርን 64,000 ኪሎ ሜትር ያደርጋታል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ የገባው ርዝመት ግን የማዕዘኑ ቅስት አይደለም።

ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓት ማወቅ በቤተ ክርስቲያን የቆየ ልማድ ነው። ሰው በገዛ እግሩ ስለሚለካ ረጅሙም አጭሩም ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ፤ የእግር ርዝመት ከቁመት ጋር አብሮ ስለሚያድግ ምጥጥኑ ብዙም አይለወጥም። የምስስል ጎነ ሦስቶች ትምህርት ከዚህ ቢጀመር ተማሪው ትርጉሙን ሳይሸመድደው ይደርስበታል።

ፀሐይ በሌለችበት ጊዜ ከፍታ የሚለካው በማዕዘን ነው። ፕሮትራክተር ላይ ጠጠር የታሰረበት ክር ማንጠልጠል ይበቃል። እዚህ ላይ መጽሐፍ የማያነሳው ጥያቄ ከየት ሆኖ ይለካ የሚለው ነው። 20 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ በ45 ዲግሪ ሲታይ የአንድ ዲግሪ ስህተት ከፍታውን በ70 ሳንቲ ሜትር ያዛንፋል፤ በጣም ቀርቦ በ70 ዲግሪ፣ ወይም በጣም ርቆ በ20 ዲግሪ ሲታይ ስህተቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ጥሩው ቦታ ርቀቱ ከከፍታው ጋር የሚቀራረብበት ነው። የተመልካቹ ዓይን ከመሬት ያለው ከፍታ መደመር አለበት፤ በፈተና ጥያቄ ላይ ሳይነገር የሚታለፈው ይህ 1.5 ሜትር በሜዳ ላይ ሁልጊዜ ይጎድላል።

የሚያርፍ አውሮፕላን በዓይናለም የየዕለት እይታ ነውና መምህር ሁሉ ለምሳሌ ያነሳዋል። አውሮፕላን ለማረፍ የሚወርድበት የተለመደ ማዕዘን 3 ዲግሪ ነው፤ ከማረፊያው 5 ኪሎ ሜትር ላይ ከፍታው 262 ሜትር ይሆናል። ምሳሌው ግን ለፈተና አይበጅም። በ3 ዲግሪ ላይ ሳይንና ታንጀንት በጣም ስለሚቀራረቡ ሁለቱን ያምታታ ተማሪም ያንኑ 262 ያገኛል፤ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል።

በይዘት ስሌት ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ዲያሜትርን በሬድየስ ቦታ ማስገባት ነው። ዲያሜትሩ 1.4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የውሃ ሮቶ 3,080 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 154 ማለት ነው። ተማሪው 1.4ን እንደ ሬድየስ ከወሰደ አራት እጥፍ፣ ከ600 በላይ ጀሪካን ይወጣለታል። ስሌት ከመጀመሩ በፊት መልሱ በጀሪካን እንዲገመት ማድረግ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጣል፤ ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ ልጅ ግምቱ ብዙም አይስትም። የኮንና የፒራሚድ ሲሶ፣ የሉል አራት ሦስተኛ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ እነሱን ማስታወስ ልምምድ እንጂ ልዩ ዘዴ አይፈልግም።

ሦስቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የመጨረሻ ልምምድ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ወለሉ 8 በ5 ሜትር የሆነ ቤት በ5 ሜትሩ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያዘነበለ አንድ ክፈፍ ጣሪያ ቢኖረው፣ የጣሪያው ስፋት 40 ለኮሳይን 20 ተካፍሎ 42.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቆርቆሮ የሚገዛው በዚህ ልክ ነው፤ ከግድግዳ የሚወጣውና የሚደራረበው ይጨመርበታል። የዝናብ ውሃ ለመሰብሰብ ግን የሚያገለግለው ሌላው ቁጥር ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዝናብ የሚያገኘው የጣሪያውን ጥላ፣ ማለትም 40ውን ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ጣሪያ የሚገኘው ውሃ ቢበዛ 400 ሊትር፣ 20 ጀሪካን ነው፤ ጣሪያው የቱንም ያህል ቢያዘነብል ይህ አይጨምርም።