ብዙ ሰው በብዙ ካሜራ መከታተል፤ አንድ የታወቀ ጥናት ከደብረ ሲና ሲመዘን

ብዙ ሰዎችን በብዙ ካሜራ ስለ መከታተል ከተጻፉት ሥራዎች መካከል፣ ኤርጊስ ሪስታኒና አራት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ የተጠቀሰ ነው። ጥናቱ ሁለት ነገር ይዞ ቀርቧል፤ አንደኛው አዲስ መለኪያ፣ ሁለተኛው በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርስቲ ግቢ በ8 ካሜራ የተነሣ የ85 ደቂቃ ፊልም ነው። በፊልሙም ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች እየተለዩ ተመዝግበዋል። እኛ ሥራውን የምንመዝነው ደብረ ሲና ላይ ቆመን ነው።

መለኪያውን በቅድሚያ እናመስግን። ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አውቶቡስ ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሎ ሻጮች ከመስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ከእነርሱ ሁለቱን እንውሰድ። ኮምፒዩተሩ አንደኛዋን ሀ፣ ሁለተኛዋን ለ ብሎ ዐሥር ደቂቃ ይከታተላቸዋል እንበል። በአምስተኛው ደቂቃ አንድ አውቶቡስ በመካከል አልፎ ሲከልላቸው፣ ሀን ለ፣ ለን ሀ ይላል። ቀድሞ የተለመደው ሞታ የሚባለው መለኪያ በዚህ ሁለት ስሕተት ብቻ ቈጥሮ ያልፋል፤ ማርኩም መቶ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አይዲኤፍ-1 የተባለው የእነ ሪስታኒ መለኪያ ግን ለአንድ ሰው አንድ መለያ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ከዐሥሩ ደቂቃ አምስቱን ይጥላል፤ ማርኩም ከመቶ 50 ይሆናል። የማን አካሄድ የማን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው ፍርድ ይህ ነው።

ፊልሙን ግን እንዲሁ ልናመሰግን አንችልም። ዩኒቨርስቲው እ.ኤ.አ. በ2019 ከአገልግሎት አውጥቶታል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ ቀረጻው የተደረገው በደጅ ነበርና። ለማንም ክፍት መደረጉም ከፈቃዱ ውጭ ነበር። ከጥናቱ ደራስያን አንዱ የሆኑት ካርሎ ቶማሲ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ቅጂው ግን አስቀድሞ በየአገሩ ተበትኗል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፣ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ዋናው ነቀፋችን ሌላ ነው። ካሜራዎቹ የሚያዩት ቦታ በአብዛኛው አይገናኝም፤ ስለዚህ ከአንዱ ካሜራ የወጣው ሰው በሌላው ሲገባ የሚታወቀው በመልኩና በጊዜው ነው። መልክ ስንል ከሩቅ የሚታየው አብዛኛውን ልብስ ነው። በተማሪዎች ግቢ አንዱ ቀይ ሹራብ፣ ሌላው ሰማያዊ ቦርሳ ይይዛል። ደብረ ሲና ብርድ አገር ነው፤ ወንዱ ጋቢ፣ ሴቷ ነጠላ ደርባለች። ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ሲጨመርበት ነጭ በነጭ ይሆናል። (የአገሩ ሰውስ ወዳጁን በጉም ውስጥ በአረማመዱ ይለየዋል፤ ይህ ግን ሌላ ጥናት ነው።) የኋላ ሊቃውንት አዳዲሶቹ የነርቭ መረቦች ችግሩን አቃለውታል ይሉ ይሆናል። መረቡ ግን የሚማረው ከቀረበለት ፊልም ነው፤ በዚያ ሰውን ከሰው የለየው ቀለም ከሆነ፣ መረቡም የሚይዘው ቀለምን ነው።

እዚህ ላይ ያመሰገንነው መለኪያም ይጐድላል። የሚሰጠው ማርክ የሁሉም ሰው ድምር ነው። ከአውቶቡሱ የወረዱት ባለ ቀለም ጃኬት መንገደኞች በደንብ ቢለዩና ጋቢ የለበሱት ሁሉ ቢምታቱ፣ ድምሩ መልካም መስሎ ሊታይ ይችላል። ስሕተቱ የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ ግን አይነግረንም፤ አንድ ቀን በእንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠየቀው ደግሞ ያ የተምታታው ሰው ነው።

ስለ መሬቱም አንድ ቃል። የፊልሙ አዘጋጆች የሰውን እግር በምስል ላይ አይተው ቦታውን የሚያሰሉት መሬቱን እንደ ጠፍጣፋ ገበታ ቈጥረው ነው። ለግቢ ይበቃል። ደብረ ሲና ግን ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከመንገዱ በላይ ያለውና ከመንገዱ በታች ያለው በአንድ ገበታ አይሰፈርም።

እንግዲህ መሣሪያውን ለአገራችን መንገድ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ከጠቅላላው ማርክ ጋር ነጭ ለለበሱት ብቻ የተሰላውን፣ በጉም ቀን የተገኘውንም ለየብቻ እንዲያሳየን እንጠይቃለን።