በዓል ጠብቆ ስለሚመጣ ቸርነት

በዳንግላ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፥ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች የሚደረገውን ርዳታ እመለከታለሁ። ሰጪው በበዓል ዋዜማ ልብስና ደብተር ያመጣል፤ ከልጁ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይሄዳል። ስጦታውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው አለመሰንበቱን ነው።

ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ሕመም ያገለግላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ መዋጥ አለበት። የለመደው ልጅ በድንገት ቢያቋርጠው በሽታው ብሶ ይመለሳል፤ ሳይነቃ ደጋግሞ ሊጥለው፥ ሊገድለውም ይችላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሁለት ወር መድኃኒት ሰጥቶ የሚጠፋውን ቸር ሰው ምን እንበለው? (ክብሪት ጭሮ ማሽተት እንደማይረዳም ብዙ ጊዜ ተናግሬ ሰሚ አጥቻለሁ።)

ከእኛ ርቆ በቡታጅራ፥ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት፥ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 በሽተኞች አገኙ፤ መድኃኒት የሚወስዱት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከሰማንያ ዓመት በላይ ጸንቷል። ይህ አገር ማኅበር ማጽናት ያውቃል። ዕድርተኛውም ለቀብር ተረኛ እንደሚመድብ ሁሉ፥ በየወሩ ከጤና ጣቢያ የልጁን ኪኒን የሚያመጣ ተረኛ ቢመድብ ምን ይከብደዋል?