ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም? ቴሌብር በጋይንት ገበያ

እስኪ ይህን አስቡት። ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ አንዲት እናት ድንች ሸጠዋል። ነጋዴው «እናቴ፣ በቴሌብር ልኬልዎታለሁ እኮ!» ይላል። የእሳቸው ስልክ ጸጥ ብሏል። የእሱም ሜኑ መሐል ላይ ተቋርጧል። ድንቹ ግን አይሱዙ ላይ ተጭኗል።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ኢንተርኔት በሌለው የቁልፍ ስልክም እንዲሠራ መደረጉ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከስማዳ ቆላ ባንክ ፍለጋ ወገዳ ድረስ በእግሩ ለሚወጣ ሰው *127# ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ በአፕ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል አይተናል። የኔ ትችት ከ*127# ጀርባ ባለው አሠራር ላይ ነው።

አሠራሩ ዩኤስኤስዲ ይባላል። ኤስኤምኤስ ስትልኩ የተቀባዩ ስልክ ኔትወርክ ከሌለው መልእክቱ ማዕከል ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዩኤስኤስዲ ግን እንደ ስልክ ጥሪ ነው፤ መስመሩ ከተቆረጠ አለቀ፣ እንደገና ከ«ሀ» መጀመር ነው። የሜኑው እያንዳንዱ ገጽ ወደ ማዕከል ሄዶ ይመለሳል። ለስሌት ያህል አንዱ ምልልስ 95 በመቶ ይሳካል እንበል። ምልልሱ ስድስት ከሆነ 0.95ን ስድስት ጊዜ አባዙት፤ 0.74 ገደማ ይመጣል። ከ100 ሙከራ 26ቱ ከሸፈ ማለት ነው! ደጋው ላይ የተተከለ አንቴና ደግሞ የበሽሎን ሸለቆ ወለል አያይም፤ እዚያ 95 በመቶም ቅንጦት ነው።

ፊደላችንም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የዩኤስኤስዲ ገጽ የሚይዘው 160 ባይት ነው። በላቲን እስከ 182 ፊደል ይገባበታል፤ የኛ አንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ ግን 80 ብቻ። (ደግነቱ ቃላችን አጭር ነው፦ «ቴሌብር» በኛ 4 ፊደል፣ በላቲን 8።) የአማርኛው ሜኑ ገጹ ከበዛ ምልልሱም ይበዛል።

ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ምልልስ ነው። ገንዘቡ ማዕከል ላይ ተላልፎ መልሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ነጋዴው ድጋሚ ይላክ? ሁለቴ ሊከፍል ነው። ይተወው? ሻጯ ባዶ እጃቸውን ሊሄዱ ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀምር ሜኑው ሲም ካርዱ ውስጥ ነበር። ላኪው ሁሉንም እዚያው ሞልቶ ሲጨርስ አንድ ኤስኤምኤስ ብቻ ይወጣል። እርግጥ ነው፣ ለዚህ ሲም መቀየር ያስፈልግ ነበር፤ ቀላል ወጪም አይደለም። ሜኑውን ከስድስት ገጽ ወደ ሦስት ማሳጠር ግን ሲም አያስቀይርም፤ በዚያው ስሌት ክሽፈቱን ከ26 ወደ 14 ያወርደዋል።

የደንበኛ ቁጥር ስንት ሚሊዮን እንደደረሰ በየጊዜው እንሰማለን። እኔ መስማት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ነፋስ መውጫ ላይ ከተጀመሩ 100 ክፍያዎች ስንቱ አለቀ? እስቴ ላይስ?

እስከዚያው ሻጯ እናት አይሱዙው ፊት ቆመዋል፤ መልእክቱ ሳይገባ ወይ ፍንክች።