ገልብጠህ እየው

እንጅባራ፣ መንገድ ዳር፣ የቀርከሃ ወንበር ልገዛ ቆሜ ነበር። የወደድኩት ወንበር መደገፊያው በጥልፍልፍ ያጌጠ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ነበር። አብሮኝ የነበረው አጎቴ ግን ለጌጡ ዓይኑንም አልሰጠው። አነሳና ገለበጠው፤ ከሥር ያለውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ አጠገቡ የነበረውን፣ ጌጥ የሌለውን አነሳ። «ገልብጠህ እየው» አለኝ። የመጀመሪያው ወንበር እግሮች በምስማር የተያዙ ነበሩ፤ ምስማሩ የገባበት ቀርከሃ ገና ሳይቀመጡበት መሰንጠቅ ጀምሯል። የሁለተኛው እግሮች ግን አንጓው አጠገብ ተበስተው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ተቆልፎ፣ በልጥ ታስረዋል። ያንን ገዛን። እስከ ዛሬ ቤታችን አለ።

የኤልያስ ስሜን ሥራዎች እንዴት ነው የሚመዝኗቸው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ትዝ የሚለኝ ያ ወንበር ነው። ኤልያስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ስሙ የሚጠራ፣ ረቂቅ ቅርጻቅርጽ የሚሠራ ሰው ነው። የሥራዎቹን ፎቶ በስልኬ ለዳንግላ ወዳጆቼ ሳሳይ ሁሉም ቡናቸውን አስቀምጠው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ለማለት ነው?» አልፈርድባቸውም። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ መልክ ስም አለው፣ እያንዳንዱ ፈረስ ጌታ አለው። ግን እነዚሁ ወዳጆቼ መሶብ ሲገዙ በስፌቱ ላይ ያለው ቅርጽ ምን ለማለት እንደሆነ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው ጠበቀ፣ ላላ፤ ቀለሙ ተስማማ፣ ተጣላ፤ ክዳኑ ገጠመ፣ አልገጠመም ይላሉ። ያውም ሳያቅማሙ። ረቂቅ ጥበብን የሚመዝን ዓይን አላቸው፤ ሙዚየም ሲገቡ ጫማ እንደሚወለቅበት ቤት ደጅ ላይ ጥለውት ይገባሉ እንጂ።

በዚህ ጥያቄ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። የሩማንያው ቀራፂ ብራንኩዚ ከነሐስ የሠራው፣ ክንፍም ምንቃርም የሌለው «ወፍ» እ.ኤ.አ. በ1926 ኒውዮርክ ሲደርስ የጉምሩክ ሰዎች ወፍ አልታይ አላቸውና ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር መድበው 40 በመቶ ቀረጥ ጠየቁበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምስክር ሲሰማ፣ ክርክር ሲካሄድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1928 ለቀራፂው ተፈረደለት፤ አንድ ሥራ ቅርጻቅርጽ ለመባል የግድ አንድን ነገር መምሰል የለበትም ተባለ። እኛም አገር ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ያልገባው ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ የዘመናዊ ሥነ ጥበባችን ታሪክ ያለ እሱ አይጻፍም።

ኤልያስ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ተወለደ፤ ያደገው ቂርቆስ ነው። ልጅ ሆኖ ልብስ ይጥፍ፣ የተሰበረ የቤት ዕቃ ይጠግን ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ጨርሶ ሲወጣ ያ የመርፌና የክር እጅ አብሮት ወጣ። ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚገዛውን ቁልፍ፣ ቆርኪና ፕላስቲክ ሸራ ላይ ይሰፋ ጀመር። ቁልፍ ስንል የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ከስንት ሰው ደረት ላይ ተነቅሎ የመጣ። ቀጥሎ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦና ወደ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ተሻገረ። «ታይትሮፕ» ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ የመጡት ከዚያ ነው፤ ቃሉ የገመድ ላይ ተራማጅ የሚሄድበትን የተወጠረ ገመድ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ስም አሜሪካ፣ ሃሚልተን ኮሌጅ ባለው ዌሊን ሙዚየም የተከፈተው ትልቅ ትርዒት ወደ አክሮን፣ ካንሳስ ሲቲና ቶሮንቶ ተዘዋወረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ትርዒት ውስጥ ገባ፤ በ2024 እዚያው ቬኒስ «ፊት አለፊት» የሚል የአማርኛ ርዕስ የያዘ የግሉን ትርዒት አቀረበ። ሽልማትና አገር ግን ሥራን አይመዝኑም። የተሸለመ ወንበርም ይሰበራል።

ታዲያ ከየት እንጀምር? እኔ ከጥሬ ዕቃው እጀምራለሁ። አገው ምድር ያደገ ሰው ቀርከሃ ሲመርጥ ዕድሜውን ይጠይቃል። የዓመት ቀርከሃ ለስላሳ ነው፣ ሲያጎብጡት ይታዘዛል፣ ግን ነቀዝ ይበላዋል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆመው ነው ለዕቃ የሚሆን። ጥሩ ሠሪ ዕቃው የማይሆነውን እንዲሆን አያስገድደውም። የኤልያስን ሽቦዎች ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው የራሱ የሽቦው ልባስ ቀለም ነው፤ ተቀብቶ የመጣ አይደለም። የሚፈልገው ቀለም እስኪጠራቀምለት ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ሥራ ዓመታት የሚወስደው። ሠዓሊ ቀለም ያነሰው እንደሆነ ይበጠብጣል። እሱ ቁራሌው እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ ትዕግሥት ሥራው ላይ ይታያል፦ አንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ ፀሐይ የመታው አለ፣ የእጅ ወዝ ያጠቆረው አለ፣ ገና ከጥቅሉ የወጣ የሚመስል አለ። በቆርቆሮ ቀለም ቢቀባ ኖሮ ያ ሁሉ በጠፋ።

ሰዎች ወዲያው «ቆሻሻን መልሶ መጠቀም» ይሉታል። ይህ ስያሜ ለዕርዳታ ድርጅት ሪፖርት ይመቻል፤ ሥራውን ለመመዘን ግን አይረዳም፣ ኤልያስም አይወደውም። ከወዳደቀ ዕቃ መሠራቱ ብቻ ሥራን ጥሩ አያደርገውም፤ ከወርቅ መሠራቱም እንዲሁ።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ የተገኘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዕለቱ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ፈረሱ በዓድዋና በሌሎች ጦርነቶች የዋለውን ውለታ እያሰበ የሚያከብረው በዓል ነው። ፈረሶቹ ከሜዳው ማዶ ብቅ ሲሉ የምታዩት አንድ የሚንቀሳቀስ ቀለም ነው፤ ፈረስ ከፈረስ አይለይም። ቀረብ ሲሉ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ ኮርቻው ይለያል። እጃችሁን አንገቱ ላይ ስታሳርፉ ደግሞ እያንዳንዱ ዘርፍ በማን እጅ እንደተቋጠረ እስከ መገመት ትደርሳላችሁ። በሦስቱም ርቀት የሚያጠግብ ጌጥ ነው ጌጥ የሚባለው። ከሩቅ አምሮ ቀርበው ሲያዩት ቋጠሮው የተፈታ አለ፤ ሲነኩት የጠነከረ፣ ከሩቅ ግን ድብልቅልቁ የወጣ አለ።

የኤልያስን ሥራ በዚሁ መንገድ እዩት። ከአሥር እርምጃ ላይ ቁሙ። ትላልቆቹ ሥራዎቹ በርካታ ጣውላ ጎን ለጎን ተጋጥሞ አንድ ሙሉ ግድግዳ የሚሸፍኑ ናቸው። ከዚያ ርቀት የእርሻ መሬት ከላይ ሲያዩት ይመስላል። እኔ በበኩሌ በጥቅምት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስጓዝ የማየውን፣ ኑጉ ቢጫ ሆኖ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ሰዉ «ዲከረንስ» የሚለው የግራር ተክል ጥቁር ጥላ ጥሎ ያለውን መሬት ነው የማይበት። (ምን ይመስላል አትበሉ ብዬ ሳበቃ እኔው ማመሳሰል ጀመርኩ። ዓይን አመሉን አይተውም፤ ፍርድ እስካልሆነ ድረስ አይጎዳም።) ከዚያ ቅረቡ። ማሳው ይጠፋና እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ ይመጣል፤ ጉንጉኑ ሲታጠፍ፣ ሲዞር፣ ሌላው ስር ሲገባ። አንድ ክንድ ሲቀራችሁ ደግሞ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ያለ ቁጥር፣ የቁልፍ ሰሌዳ ፊደል ታነባላችሁ። በየእርምጃው አዲስ ነገር ካገኛችሁ ሥራው ሙሉ ነው። አንድ ሜትር ላይ ካለቀ ሥራው ግድግዳ ማስጌጫ ነው። ለዚህም ነው በስልክ ፎቶ አይቶ መፍረድ የማይሆነው፤ ስልክ ሦስቱን ርቀት አንድ ያደርጋቸዋል።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለን ሥራ መገልበጥ አይፈቀድም፤ ዘበኛው አጎቴን አያውቀውም። ጠርዝ ግን ከጀርባ ቀጥሎ የማይዋሽ ቦታ ነው። ሠሪው ሲደክመው የሚታየው መሃል ላይ አይደለም፣ ጠርዝ ላይ ነው። መሃሉን የሚጎነጉነው በጉጉት ነው፤ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን መሽቷል፣ ሽቦውም አልቋል። የኤልያስ ጥሩ ሥራዎች ላይ ጉንጉኑ ከአንዱ ጣውላ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር መስመሩ አይሰበርም፤ ስፌቱ ያለበት ቦታ የሚታወቀው ፈልገውት ነው። አስቡት፣ ያ ሁሉ በእጅ ነው የሚጎነጎነው፤ ረዳቶች አሉት፣ ብዙ እጅ ይገባበታል። ብዙ እጅ የገባበት ሥራ ላይ አንድ እጅ ብቻ ከታየ አለቃው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ስለ ጭቃ ሳልናገር ካለፍኩ ግን የኤልያስን ግማሽ ተውኩት ማለት ነው፤ ለእኔ እንዲያውም የሚበልጠው ግማሽ። ከኩሬተሯና የሥነ ሰብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የዞማን ማዕከል መሠረቱ፤ ለዓመታት አገሪቱን እየዞሩ የቆዩ የአሠራር ልማዶችን አዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው፣ አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ያለው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። እኛ ቤት ስንመርግ የምናደርገውን ነው ያደረጉት፦ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ አቡክቶ፣ እስኪበስል ጠብቆ መምረግ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ እጅ ተመላልሶበት መስመሮቹ እየተጠማዘዙ፣ እየከበቡ፣ እያበጡ ቤቱ በሙሉ ቅርጻቅርጽ ሆኗል። ከእንጅባራ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጭቃ ቤት ለማየት መክፈል ለእኛ ሰው ያስቃል። እናቴ ሰምታ ስቃለች። ግን ምርጊት የምታውቅ ሴት እዚያ ግድግዳ ፊት ብትቆም ከማንኛውም የጥበብ ሐያሲ በላይ ትፈርዳለች፤ ጭቃ ሳይበስል ከተመረገ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ካነሰ ይራገፋል፤ ከበዛም አይለሰልስም። ስንጥቁን ፈልጉ። ከዚያ ደግሞ መስመሩን ተከተሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ምክንያት አጥቶ ከቆመ ሠሪው እዚያ ላይ አመንትቷል።

የአገው ሰው ለዚህ ባዕድ መሆን አይገባውም። የዛግዌ ነገሥታት አገዎች ነበሩ፤ ላሊበላ ላይ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ሲወጡ ሥራው መቀነስ ነበር፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ቤት ለማግኘት ቤት ያልሆነውን ማውጣት። የኤልያስ መንገድ ተቃራኒው ነው፤ መጨመር፣ መግጠም፣ መጎንጎን። የሚቀንስ ሠሪ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። የሚጨምር ሠሪ ደግሞ ሁልጊዜ መፍታት ይችላል፤ ፈተናው መቼ እንደሚያቆም ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔም ቅሬታ ያለኝ። ከ«ታይትሮፕ» ሥራዎች መካከል ማቆሚያው ያለፈባቸው የሚመስሉኝ አሉ፤ ጉንጉኑ ሁሉ ተመሳስሎ፣ ቀለሙ ሁሉ ተስማምቶ ዓይን የሚያርፍበት ሳይሆን የሚንሸራተትበት ይሆናል። ከእነዚያ ይልቅ አንድ አስቀያሚ ጥግ የተተወባቸውን እመርጣለሁ፤ ሰሌዳዎቹ ተቆልለው ሻካራ የሆኑበትን፣ ሹሩባው በድንገት የሚበጠስበትን። ከጋናዊው ኤል አናትሱይ ጋር ማወዳደር ይረዳል። እሱ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግዙፍ ጨርቅ የመሰለ ነገር ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማውን አንበሳ ሸልማዋለች። የእሱ ሥራ በተሰቀለ ቁጥር እጥፋቱ ይለወጣል፤ ለሰቃዩ ዕድል ይሰጣል። የኤልያስ ሥራ ጣውላ ላይ ተይዟል፤ ዕድል የሚሰጥ ከሆነ የሚሰጠው ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሲሠራ ሁሉን ከተቆጣጠረው ምንም አልቀረም።

አስመሳዮችም መጥተዋል። የቁልፍ ሰሌዳ ፍርስራሽ ጣውላ ላይ ለጥፎ «ቴክኖሎጂና የሰው ልጅ» ብሎ መሰየም ቀላል ነው። መለያው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃውን አንዱን ከአንዱ ቢያቀያይሩት ሥራው ይጎዳል ወይ? ካልተጎዳ አልተሠራም፤ ተደፋ እንጂ። ርዕሱን ሸፍናችሁ እዩት። ርዕስ የሚሸከመው ሥራ ምስማር የያዘው ወንበር ነው።

ባለፈው እንጅባራ ስሄድ ለአጎቴ ከእነዚህ ሥራዎች የአንዱን ፎቶ አሳየሁት። «ምንድን ነው?» አላለኝም። ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ በሁለት ጣቱ አስፍቶ አስፍቶ ጠርዙ ላይ ደረሰ። ዝም ብሎ ቆየ። «የጎነጎነው ሰው አልቸኮለም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ስለ ኤልያስ ማውራት ስጀምር አቋረጠኝ።

«ጀርባውስ?» አለ። «ፎቶው ጀርባው የለውም እንዴ?»