ከማቹ ፒቹ በፊት የሚነበቡ መጻሕፍት

ወደ ፔሩ ለመጓዝ የተሰናዳ ሰው ምን ላንብብ ብሎ ሲጠይቅ ዘወትር ከሚጠቆሙለት መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም በ1948 ያሳተመው «የጠፋችው የኢንካዎች ከተማ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ልብ ይሰቅላል። ደራሲው በ1911 የኡሩባምባን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ማቹ ፒቹ የወጣበትን ጉዞ የሚተርክባቸውን ገጾች ጀምሮ ማቋረጥ ያስቸግራል። ቢሆንም ይህ መጽሐፍ በቅድሚያ እንዲነበብ መምከር መንገደኛውን መበደል ነው ብለን እናምናለን።

ለመሆኑ ከተማይቱ የጠፋችው ከማን ነው? ቢንግሃምን ወደ ተራራው መርቶ ያወጣው በሸለቆው የሚኖር ገበሬ ነበር። ከላይም በጥንቱ እርከን ላይ እያረሱ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውኃና ስኳር ድንች አቅርበው ተቀብለውታል፤ ከፍርስራሹ መካከል ያዞረውም ትንሽ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ቢንግሃም ራሱ ጽፎታል። ነገር ግን ሰዎቹ መንገድ ጠቁመው ከትረካው ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ድንጋዩ ነው። ደራሲው ቦታው የመጨረሻዎቹ ኢንካዎች የተሸሸጉባት ቪልካባምባ ናት ሲል ያቀረበው ሐሳብ በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ማጣቱ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት አይደለም። ትልቁ ጉድለት፣ አንባቢው ኢንካዎች አልቀው ዐፅማቸው ብቻ የቀረ ሕዝብ ናቸው ብሎ እንዲያስብ ማድረጉ ነው። በዚህ ስሜት ኩስኮ የደረሰ መንገደኛ በገበያው የሚሰማው የኬችዋ ቋንቋ እንደ ወፍ ጫጫታ በጆሮው ያልፋል።

ቢንግሃም ማቹ ፒቹን ባየበት በዚያው በ1911 አንዳዋይላስ በምትባል የተራራ ከተማ ሆሴ ማሪያ አርጌዳስ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ አባቱ በሥራው ምክንያት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የሕግ ሰው ስለ ነበረ የእንጀራ እናቱ ልጁን ከኬችዋ ተናጋሪ አገልጋዮችዋ ጋር በወጥ ቤት እንዲያድር አደረገችው። ለማዋረድ የታሰበው ይህ ኑሮ ቋንቋ አወረሰው። በ1958 የታተመው «ጥልቅ ወንዞች» የተባለው ልብ ወለዱ የዚያ ውርስ ፍሬ ነው፤ ለፔሩ መንገደኛ የመጀመሪያው መጽሐፍም ይኸው መሆን አለበት እንላለን።

ልብ ወለዱ የሚጀምረው ባለታሪኩ ኤርኔስቶ የተባለ ብላቴና ከአባቱ ጋር በሌሊት ኩስኮ ሲገባ ነው። ልጁ ከአንድ የኢንካ ግንብ ሥር ቆሞ ድንጋዮቹን ይዳስሳል። ለሌላው ሰው የጥንት ቅርስ የሆነው ግንብ ለእርሱ እንደ ክረምት ወንዝ ይንቀሳቀሳል። በኬችዋ ዘፈኖች ውስጥ የሚያውቃቸው የደም ወንዝን የሚጠሩ ቃላት ወደ አፉ ይመጡና ድንጋዩን በእነርሱ ይሰይመዋል። ከኢንካው ግንብ በላይ የስፔኖች ቤት ተደርቦበታል፤ ከግንቡ ሥር መንገደኛ ይሸናበታል። አርጌዳስ ግንቡን ለማድነቅ ብሎ ሽታውን አልደበቀም። ድንጋይን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ደራሲ ካነበቡ በኋላ ወደ ማቹ ፒቹ መውጣት ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ወዲያ ታሪኩ ወደ አባንካይ አዳሪ ትምህርት ቤት ይዛወራል። የበቆሎ ጠላ የሚሸጡ ሴቶች በዶኛ ፌሊፓ መሪነት የተሸሸገ ጨው ከመጋዘን አውጥተው በአንድ ትልቅ ርስት ላይ ለሚኖሩ ጭሰኞች ያድላሉ። ጨው ነው፤ ወርቅ አይደለም። ለዚህም ጦር ይላካል፤ የታደለው ጨው ከጭሰኞቹ ቤት ይለቀማል፤ ከሴቶቹ ጋር የሮጠው ኤርኔስቶም በትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቄስ ይገረፋል። ደራሲው በዚህ ክፍል አንድም ንግግር አያደርግም። የሴቶቹን ጩኸትና የበቅሎዎቹን ኮቴ እያሰማ ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል።

መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። የትምህርት ቤቱ ልጆች ጠብ በየምዕራፉ ይደጋገማል፤ አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስሙ እንጂ መልኩ አይታወስም። ታሪኩ ቆሞ የአንዲት እንዝርት መጫወቻ ስም የሚተነተንበት ምዕራፍም ብዙ አንባቢ አሰልችቶ ይሆናል። የቃሉ መጨረሻ የትንንሽ ክንፎችን ዜማ፣ ተቀራራቢው ድምፅ ደግሞ የብርሃንን ዓይነት እንደሚያመለክት ደራሲው በዝርዝር ያስረዳል። አንድን ቃል ገልብጦ ምሥጢሩን መፈለግ የቅኔ ቤት ወግ ለሆነበት የእኛ አገር አንባቢ ግን ይህ ምዕራፍ እንግዳ አይሆንበትም። እንዲያውም ከሁሉ የሚጣፍጠው እርሱ ነው።

ከአርጌዳስ ቀጥሎ ወደ ታሪክ መጻሕፍት መመለስ ይቻላል። ከስፔናዊ መኮንንና ከኢንካ ልዕልት በ1539 ኩስኮ የተወለደው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በጎልማሳነቱ ስፔን ተቀምጦ የጻፈው የኢንካዎች ታሪክ በ1609 ሊዝበን ታተመ። ጽሑፉ የእናቱን ወገን መንግሥት ያለ ልክ ያሳምራል። የናፍቆት መጽሐፍ ነውና አይፈረድበትም። ከ1780ው የቱፓክ አማሩ አመፅ በኋላ የስፔን መንግሥት በቅኝ ግዛቶቹ እንዳይነበብ መከልከሉ ናፍቆት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያሳያል። እኛ ግን ዋማን ፖማ ዴ አያላን እናስበልጣለን። እርሱ አገሩን ሳይለቅ ከ1,100 ገጽ በላይ የሆነና ወደ 400 የሚጠጉ ሥዕሎች ያሉበት አቤቱታ በ1615 ገደማ ለስፔን ንጉሥ አዘጋጀ። ስፓኝኛው የተወላገደ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን የየወሩን የእርሻ ሥራ፣ ሴትን እየደበደበ የሚያሸምነውን መነኩሴ፣ የሚገርፈውን ሹም ፊት ለፊት ያሳያሉ። መጽሐፉ በ1908 ኮፐንሃገን ከሚገኘው የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ስፓኝኛ የማያውቅ መንገደኛ ሥዕሎቹን ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።

የሲሮ አሌግሪያ «ዓለም ሰፊና ባዕድ ናት» (1941) አንድ የተራራ መንደር በፍርድ ቤት ወረቀት እንዴት መሬቱን እንደሚነጠቅ ይተርካል። ሽማግሌው ሮሴንዶ ማኪ የማይረሳ ሰው ነው፤ መጽሐፉ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ ይንዛዛል።

ሊማን ለማወቅ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳን ማለፍ አይቻልም። «ውይይት በካቴድራል» (1969) የኦድሪያን አምባገነን አገዛዝ (1948–1956) ከላይ እስከ ታች ይመረምራል። አርእስቱ እንዳያሳስት፤ ካቴድራል የተባለው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን መጠጥ ቤት ነው። በ2010 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውና በ2025 ያረፈው ይህ ታላቅ ደራሲ በ1996 ስለ አርጌዳስ ባሳተመው ሐተታ፣ የአርጌዳስ የተራራ ዓለም ውብ ፈጠራ፣ ወደ ኋላ የሚመለከት ሕልም ነው የሚል ክርክር አቅርቦአል። የልብ ወለድን ጠባይ ለሚያጠና ሰው ሐተታው ብዙ ይጠቅማል። በፍርዱ ግን አንስማማም። የፔሩ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2003 ባቀረበው ዘገባ ከ1980 እስከ 2000 በነበረው ግጭት 69 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ወይም እንደ ጠፉ ገምቶአል፤ ከሟቾቹ ከመቶ 75ቱ አፋቸውን የፈቱት በኬችዋ ወይም በሌላ ነባር ቋንቋ ነበር። አርጌዳስ የጻፈለት ሕዝብ የሕልም ሕዝብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሞተ ነበር።

ደግሞም አርጌዳስ ወደ ኋላ ብቻ አልተመለከተም። በ1969 በገዛ እጁ ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረውና በ1971 የታተመው «ላይኛው ቀበሮና ታችኛው ቀበሮ» የሚካሄደው በተራራ ሳይሆን በቺምቦቴ ወደብ ነው። ከደጋ የወረዱት ሰዎች በዓሣ ዱቄት ፋብሪካ ጢስ ውስጥ የተሰባበረ ስፓኝኛ እየተናገሩ አዲስ ኑሮ ይጀምራሉ፤ ሁለት የጥንት ተረት ቀበሮዎችም ይታዘቡአቸዋል። በየመካከሉ የደራሲው የጭንቀት ማስታወሻ ስለሚገባ ንባቡ ይከብዳል፤ ለጀማሪ አይሰጥም። ከሊማ ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳር መንገድ የሚጓዝ ሰው ቺምቦቴን ያልፋልና መጽሐፉን ለዚያ ቀን ያቆየው።