የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽና የቅርስ ጠባቂው ሙያ

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በእነብሴ ሳር ምድር የሚገኘው የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ፍርስራሽ ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቷ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኢየሱሳውያን ካህናት በዚያው ስፍራ ግንብ መሥራታቸው ይታወቃል። ጥያቄው ከቆመው ግንብ የትኛው የማን ነው የሚለው ነው።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1847 እ.ኤ.አ. ፍርስራሹን በጽሑፍ አሳወቀ፤ ስቲፈን ቤል በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ መረመረው፤ የእስፓኝ ተመራማሪዎችም በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከሌሎች የኢየሱሳውያን ሕንፃዎች ጋር አስተያዩት። ሥራቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን የጌጥ መመሳሰል የጠራቢውን ትምህርት ያሳያል እንጂ የተጠረበበትን ዓመት አይናገርም፤ የተጠረበም ድንጋይ ከአሮጌ ሕንፃ ተነሥቶ በአዲስ ግንብ ሊገባ ይችላል።

ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች የኖራ ሥራ በአገሩ የተጀመረው በእነርሱ ዘመን፥ በ1620ዎቹ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ይህ የባለጉዳይ ምስክርነት ስለ ሆነ በቁሱ ራሱ መፈተን ይገባዋል። የተቃጠለ ኖራ ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ይወስዳል፤ ስለዚህ በራዲዮካርቦን ዕድሜው ሊገመት ይችላል። ሆኖም በሚገባ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ከተቀላቀለበት ዕድሜውን አስረዝሞ ያሳያል። ከዚህም በላይ ከ1500 እስከ 1630 እ.ኤ.አ. ድረስ ያለው ጊዜ በራዲዮካርቦን በግልጽ አይለይም፤ እሌኒና ሱስንዮስ የሚገኙትም በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ቤተ ሙከራ ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም፤ የግንቡን የአሠራር ቅደም ተከተል መርምሮ የካህናቱን ትውፊት የሚያዳምጥ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የጥበቃውና የምርመራው ሥራ የማይነጣጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ ኖራ ተፍቆ በሲሚንቶ ቢተካ፥ ሲሚንቶው እርጥበትን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስን ጥናትና አጠባበቅ በአንድነት መደንገጉ ትክክል ነው። ሕጉ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ይኸውም ኬሚስትሪን የተማረ፥ ግንበኛ ኖራን እንዴት እንደሚያቦካ የሚያውቅ፥ ከደብሩ አለቃ ሳያስፈቅድ ቅንጣት የማያነሣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ ከሁሉ የሚሻለው ጥገና አሮጌውን ኖራ አለመንካት ነው።